ሁለቱ ውሃዎች የተገናኙበት

ብርዱ በግንቦት በሚገባባት የበረሃ መንደር በኩላሚ፣ ጥቅምት ሲያልቅ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታው በፊት የሚጠይቀው "ገለበጣችሁ?" ብሎ ነው። የሚገለበጠው ቧንቧ ነው። በበጋው ፀሐይዋ በአሸዋው ላይ የተዘረጋውን የውሃ መስመር ስትቀቅለው ስለምትውል፣ ከሰማያዊው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ለማፍላት ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሰዉ ቦይለሩን ያጠፋዋል። ቤት ውስጥ፣ ጥላ ስር ያለው የቦይለሩ በርሜል ቀስ ብሎ ይበርድና ከቀዩ ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀዳል። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ቦይለሩ ይበራል፤ ነገር ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለመንደሩ ልጆች ቀይ ማለት ሙቅ፣ ሰማያዊ ማለት ቀዝቃዛ የሚሆነው የዓመቱን እኩሌታ ብቻ ነው።

ኤልቫ ትሬምባት በዚያ ዓመት ለብርዱ መልሳ የገለበጠችው ዘግይታ፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ነበር። ምክንያት ነበራት። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ባሏ ኮል አንድ ማለዳ ጓሮ ቲማቲሙ መሐል ወድቆ ተገኘ። ስትሮክ ነው አሉ። የሐኪሞቹ አውሮፕላን መጥቶ ሁለቱንም ወደ ፖርት ኦገስታ ወሰዳቸው። እሱ ሆስፒታል ተኛ፤ እሷ የአክስቷ ልጅ ቤት አርፋ ጠዋት ማታ ስትመላለስ ከረመች። እግሩ ደህና ሆነለት፤ አንደበቱም ቀስ እያለ ተፈታ። ቀኝ እጁ ግን እንደ ተጨበጠ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍና ሲታሽ ብቻ ጣቶቹ ይላቀቃሉ።

ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት። ቤቱ የሚመች ከሆነ ኮል ቤቱ ይገባል። ካልሆነ አዴላይድ ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ ይሄዳል። አዴላይድ ደግሞ ለኤልቫ ሌላ አገር ማለት ነው፤ ባሏን በዓመት ስንቴ ልታየው ነው? ሐሙስ ዕለት ሲስተር ሾና በክሊኒኩ አውሮፕላን መጥታ ቤቱን አይታ ትወስናለች። መታጠቢያው ላይ የሚያዝ ብረትና በበሩ ደረጃ ፈንታ ሳንቃ ያስፈልጋል ተብሎ ነበር፤ ያንን ጎረቤታቸው ክሌም ናዛር ቀድሞ ሠርቶ ጨርሶታል። የቀረው ሙቅ ውሃ ነው። እሱ ደግሞ ምን ችግር አለው? አብርቶ ማደር ነው።

ኤልቫ ሰኞ በክሊኒኩ አውሮፕላን መጥታ፣ ማታ ቤቷ ገብታ አብርታ አደረች። ማክሰኞ ጠዋት ቀዩን ቧንቧ ስትከፍት የወረደው ውሃ አጥንት የሚሰብር ነው። ጠበቀች። አሁንም ያው። ሰማያዊውን ከፈተች፤ ያው። ሁለቱን እጆቿን በሁለቱ ቧንቧዎች ስር አድርጋ ቆመች፤ በመካከላቸው ልዩነት የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ይደነግጣል። ኤልቫም ደነገጠች፤ ግን ከድንጋጤው እኩል "ለምን?" የሚለው መጣባት። ይህ ከልጅነቷ ያለ ነገር ነው። አባቷ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እሷም ገና ማንበብ ሳትጀምር የአባቷን የኪስ ሰዓት ፈትታ፣ ለምን እንደሚቆጥር አይታ፣ ስትገጥመው አንዲት ጥርስ ተርፋት የተገረፈች ናት። ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላ መንደሩ ባዶ ሲቀርም ለምን ለምን እያለች የቀረች ናት። የትምህርት ቤቱን ወለል ስትጠርግ ሰሌዳው ላይ የቀረውን እያነበበች ተማረች። ቄሱ በወር አንዴ ብቻ የሚመጡበትን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ትከፍታለች። ማንም ባይመጣ እንኳ መዝሙር ዘምራ፣ ምዕራፏን አንብባ ትዘጋለች። ሰው ሲያሾፍባት "ኤልቫ ለምን" ይላታል። እሷ ግን መጠየቅን እንደ ጸሎት ነው የምታየው፤ የሚመልስ አለ ብላ ስለምታምን።

ክሌም የምድጃዋን ጭስ አይቶ መጣ። በእጁ ኳንዶንግ ከሚባለው የበረሃ ፍሬ የተሠራ ማርማላታ ይዟል። አያቱ ግመል እየነዳ ወደዚህ በረሃ የገባ ሰው ነው ይባላል፤ ክሌምም ግመል ባይነዳም እንደ ግመል አይቸኩልም።

"አንቺ ሴትዮ፣ መጥተሽ ድምፅሽን አጠፋሽ?"

"ቦይለሩ አልሞቅ ብሎኝ ነው።"

"ገልብጠሻል?"

"ኮፍያዬን ሳላወልቅ ነው ያበራሁት።"

"አበራሽ ወይስ አጠፋሽ? የእናንተን ማብሪያ ጽሑፍ እኮ ፀሐይ በልታዋለች። ኮል ራሱ አንድ ጊዜ አበራሁ ብሎ አጥፍቶ፣ በግንቦት ብርድ ታጥቦ ሲጮህ እኔ ቤት ድረስ ተሰምቷል።"

"ና እሺ እይልኝ።"

ቆጣሪው ጋ ሄዱ። ኤልቫ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች አደረገችው። ክሌም አንገቱን አስግጎ በመስታወቱ ውስጥ የምትሽከረከረውን ሳህን ተመለከተ። ቦይለር ሲበራ ሳህኗ መብረር ነበረባት። አሁን ግን ቢበራም ቢጠፋም ያው እየተንፏቀቀች ነው።

"በቃ፤ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ተቃጥሏል" አለ ክሌም። "ካቻቢቴ አምጪ፤ ክዳኑን እከፍተዋለሁ።"

"አትከፍትም።"

"ለምን?"

"አንድ በሽተኛ ይበቃኛል። በኤሌክትሪክ የተጠበሰ ጎረቤት አልጨምርም።"

ክሌም ቅር እያለው እጁን ኪሱ ከተተ። ኤልቫ ለቧንቧ ሠራተኛው ለግሬም ስልክ ደወለች። ግሬም የሚኖረው ከመንደሩ ብዙ ርቆ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዝናብ ጥሎ የአፈሩ መንገድ ወደ ጭቃነት ስለተለወጠ ተዘግቷል።

"እስኪደርቅ ድረስ መኪና አያልፍም፣ ኤልቫ። እኔ ደግሞ ጀልባ የለኝም።"

"ሐሙስ ነርሷ ትመጣለች፣ ግሬም። ውሃው ካልሞቀ ኮልን አዴላይድ ሊወስዱት ነው።"

ግሬም ድምፁን ለወጠ። "እሺ። ክዳን እንዳትነኩ። ከበርሜሉ አናት ጎን ትንሽ መዘውር አለች፤ ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍሰው። የቧንቧዋ ጫፍ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ ባልዲ አድርጊና መዘውሯን በዝግታ ብድግ አድርጊያት። የሚወጣውን አትንኪው፤ ራቅ ብለሽ ብቻ እይው።"

ክሌም ውጭ ባልዲ ይዞ ቆመ፤ ኤልቫ ከመተላለፊያው ቁም ሳጥን ውስጥ መዘውሯን አነሳች። ወዲያው ውጭ ጩኸት ተሰማ።

"ኧረ በስመ አብ! እንፋሎት ነው እኮ!"

"ነካኸው እንዴ?"

"አልነካሁትም፤ እሱ ነው የነካኝ! ቦት ጫማዬ ላይ ፈናጠቀ!"

ኤልቫ ወጥታ ባልዲውን አየች። በጠዋቱ ብርድ ውስጥ ጢሱ እየተግተለተለ ነው። እንግዲህ በርሜሉ ሙሉ ሙቅ ውሃ አለ። ሬዚስታንሱ አልተቃጠለም፤ ሌሊቱን ሥራውን ጨርሶ ነው ያረፈው። ሳህኗ ያልበረረችውም ለዚህ ነው፤ የሞቀ ውሃ ሌላ ምን ማሞቂያ ይፈልጋል? ቤቱ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ ከአንዱም ቧንቧ ግን አይወጣም።

"ክሌም" አለች፣ ፊቷ እንደ ልጅ እየበራ፤ "ይሄ ነገር ደስ አይልም?"

"ምኑ ነው ደስ የሚለው? ባልሽን ሊወስዱብሽ ነው!"

"እሱማ ያስጨንቀኛል። ግን እየው እስቲ። ሙቁ አለ። ቧንቧው አለ። መካከል ላይ ምን ገባ?"

ተመልሳ ደወለች። ግሬም ይህን ሲሰማ አፏጨ። "አሁን ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ከበርሜሉ ስር ቀዝቃዛው ውሃ የሚገባበት መዝጊያ አለ፤ ጥርቅም አድርገሽ ዝጊው። ከዚያ ወጥ ቤት ሄደሽ ቀዩን ክፈቺ። በርሜሉ የሚገፋው ውሃ ስለሌለ፣ ቀዩ ትንሽ አንጠባጥቦ መቆም አለበት።"

"ካልቆመስ?"

"ካልቆመ በርሜሉ ውስጥ ያላለፈ ውሃ ነው የሚመጣልሽ። እንግዲያው ቤትሽ ውስጥ የሆነ ቦታ ሁለቱ ውሃዎች ይገናኛሉ። ቀዝቃዛው ጉልበተኛ ነው፤ ወደ ሙቁ መስመር ሾልኮ ገብቶ ሙቁን ከበርሜሉ እንዳይወጣ ይዘጋበታል። የት እንደሚገናኙ ግን እኔ በስልክ አላይልሽም።"

መዝጊያውን ዘጋች፤ ክሌምም እንደገና አጠበቀው። ወጥ ቤት ገብተው ቀዩን ከፈቱና ጠበቁ። ውሃው ወረደ። ቀጠለ። ክሌም አጎንብሶ ወደ ቧንቧው አፍ አየ፤ ከዚያ ጣሪያውን አየ።

"ከየት ነው የሚመጣው? ከሰማይ?"

"ከሰማይማ ቢሆን ሙቁን ያወርድልኝ ነበር" አለች ኤልቫ። "ተወው፣ ይውረድ፤ አትዝጋው። መገናኛውን ስናገኝ ያኔ ይቆማል። እሱ ነው የሚነግረን።"

ፍለጋው ተጀመረ። የመታጠቢያ ገንዳውን ሁለት ቧንቧዎች አዩ፤ ለየብቻቸው ናቸው፤ አይገናኙም። የሻወሩን መቀላቀያ በፒንሳ አጠበቁ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከግድግዳው ስበው ከኋላው ያሉትን ቧንቧዎች ዘጉ። በእያንዳንዱ ሙከራ ክሌም ወደ ወጥ ቤት እየሮጠ ይመለከታል፤ መሮጥ ማለት ለክሌም ፈጠን ብሎ መራመድ ነው።

"ቆመ?"

"እየወረደ ነው።"

"አሁንስ?"

"እንዲያውም ብሶበታል። የሚሰድበኝ ይመስላል።"

ረፋዱ አለፈ። ቤቱ ውስጥ ያልተነካ ቧንቧ የለም። ክሌም ግድግዳውን እያንኳኳ መስመሩ ውስጥ ተበልቶ ይሆናል፣ ግድግዳውን ማፍረስ ነው ማለት ጀመረ። ኤልቫ ይህን ስትሰማ ፒንሳውን አስቀመጠች። ግድግዳ ፈርሶ ሐሙስ ይደረስበታል? የተቦረቦረ ቤት አይታ ሾና ምን ትላለች? ሻይዋን ይዛ በጓሮ በር ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ አጭር ጸሎት አደረገች፤ ተአምር አልለመነችም። "አንተ ታውቀዋለህ፤ አሳየኝ" ነው ያለችው።

ቀና ስትል ጓሮው ባድማ ሆኗል። ሚያዝያ ጥለውት የሄዱት ቲማቲም ሁሉ ደርቆ በየእንጨቱ ላይ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። አንዱ ብቻ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ብቻም አይደል፤ ፍሬ ይዟል። ኤልቫ ሻይዋን ለመጠጣት አንስታ ከከንፈሯ ሳታደርሰው መለሰችው። ይህንን ያቆየው ዝናብ አልነበረም፤ ዝናቡ የመጣው ያለፈው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ማን አጠጣው?

ሄደች። አረሙን ስትገልጥ ከተክሉ ስር የውሃ ማጠጫ ጎማ ጫፍ አገኘች፤ እጀታውን ሲጨብጡት የሚረጭ፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ መርጫ ያለው ነው። ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ጠብ... ጠብ ይላል። በጣቷ ነካችው። ጎማው ደንድኖ ተወጥሯል፤ ውሃ አለበት።

"ክሌም! ና ቶሎ!"

ጎማውን በአረሙ ስር እየተከተሉ ሄዱ። ወደ ጓሮው ጥግ፣ ወደ ጥንቱ የቆርቆሮ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወሰዳቸው። አዲሱ ማሽን ቤት ውስጥ ከገባ ወዲህ ኤልቫ እዚያ ገብታ አታውቅም፤ የኮል ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። በሩን ሲከፍቱት ከድንጋይ ገንዳ በላይ ቀይና ሰማያዊ ቧንቧዎች ጎን ለጎን አሉ። በሁለቱ አፍ ላይ እንደ ሱሪ ሁለት እግር ያለው ነሐስ ተገጥሞ፣ ሁለቱን ውሃዎች ወደ አንዱ ጎማ ያስገባል። ሁለቱም ቧንቧዎች እስከ ጥግ ተከፍተዋል።

"አየሽልኝ የኮልን ሥራ!" አለ ክሌም። "ሰማያዊው ብቻውን ቲማቲሙን ይቀቅልበታል፤ የቦይለሩ ቀዝቃዛ ብቻውን ደግሞ አይበቃውም። ቀላቅሎ ነው የሚያጠጣው። የመስኖ ሚስጥር አለኝ እያለ ሲያሾፍብኝ የከረመው ይሄንን ነው!" ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። "ግን ኮል ሳይዘጋ አይሄድም ነበር። የኔን በር እንኳ እሱ ነው የሚዘጋልኝ። እንዴት ረሳው?"

ኤልቫ ጎማውን በዓይኗ ወደ ተክሎቹ ተከተለችው። ያ ማለዳ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ኮል የወደቀው ቲማቲሙ መሐል ነው፤ ሲወድቅ እጁ ጎማው ላይ ነበር። እጁ ሲለቀው መርጫው ራሱን ዘጋ። እሷ ስትጮህ፣ ሰዉ ሲሰበሰብ፣ አውሮፕላኑ ሲመጣ፣ እዚህ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለት ቧንቧዎች ተከፍተው እንደቀሩ ማን ያውቃል? አልረሳውም። አልጨረሰም እንጂ።

ሌላም ትዝ አላት። ሆስፒታል አንደበቱ የተፈታ ሰሞን በመጀመሪያ የተናገረው "ውሃው" የሚል ነበር። ነርሶቹ በኩባያ ሰጡት፤ በግራ እጁ ገፋው። "ውሃው! ውሃው!" አለ። እሷ ራሷ በማንኪያ ልታጠጣው ሞከረች፤ አለቀሰ። ሁሉም ጠማው ብሎ ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አለ ክሌም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሲነግረኝ ነበር እኮ" አለች። "ዝጉልኝ ማለቱ ነበር።"

ክሌም ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ። ኤልቫ ቧንቧዎቹን ለመዝጋት አልቸኮለችም፤ ባሏ በደህና እጁ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈታቸው ናቸው። ከዚያ መዳፏን ሰማያዊው ላይ አድርጋ አዞረችው። ቀዩንም አዞረችው።

"ሂድ፣ ወጥ ቤቱን እይ።"

ክሌም በእውነት ሮጠ። ድምፁ በመስኮት መጣ። "ቆመ! ኤልቫ፣ ቆመ! አንዲት ጠብታ የለም!"

የበርሜሉን መዝጊያ መልሳ ከፈተች። ቀዩ ቧንቧ መጀመሪያ አየር እየተፋ አሳለ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ወረደ፤ ከዚያ ለብ አለ፤ ከዚያ የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ተሸፈነ። ኤልቫ ግንባሯን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፋ "ተመስገን" አለች። ክሌም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ በሙቁ ውሃ የተቆለለውን ሰሃን ማጠብ ጀመረ።

ሐሙስ ሲስተር ሾና መጣች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ አንዱን ጨርሳ ሌላውን የምትጀምር። በሳንቃው ላይ ወጣች፤ ወረደች። በብረቱ ላይ ክብደቷን ጥላ ተንጠለጠለችበት፤ ክሌም ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ቀዩን ቧንቧ ከፍታ እጇን ስሩ አደረገች።

"ውይ! አቃጠላችሁኝ!"

ኤልቫ ፎጣ ይዛ ቀረበች። "ሙቅ አይደል እንዴ የተባለው?"

"ሙቅ ነው እንጂ፤ በዛ! የኮል ቀኝ እጅ ሙቀት አይለይም፣ እማማ ኤልቫ። ሳያውቀው ይላጣል።" ሾና እጇን በቀዝቃዛው እያቀዘቀዘች አሰበች። "የሚያለዝብ መቀላቀያ ያስፈልጋችኋል። መንገዱ ሲከፈት ግሬም ይግጠምላችሁ። እስከዚያ ቧንቧውን እሱ አይነካም። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ ሙቁን ጨምሪ፤ በክርንሽ ለኪ፤ ቀጥሎ ግራ እጁ ይንካው፤ ቀኙ መጨረሻ። ሁልጊዜ። ትችያለሽ?"

"እችላለሁ። ግን በክርን ለምን?"

"መዳፍሽ ሥራ ያደነደነው ነው፤ ይዋሽሻል። ክርንሽ አይዋሽም።"

ኤልቫ መዳፏን ገልብጣ አየች። ይህን አዲስ ነገር የወደደችው መሰለች። ሾና ቦርሳዋን ዘጋችና በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ፣ እንደ ተራ ነገር፣ "ሰኞ በምንመጣበት አውሮፕላን ይዘነው እንመጣለን" አለች።

ሰኞ ኮል በክሌም ትከሻ ተደግፎ ቤቱ ገባ። ማክሰኞ ጠዋት ኤልቫ ገንዳው ላይ ሳፋ አድርጋ ቀዝቃዛውን ቀዳች፤ ሙቁን ጨመረች፤ ክርኗን ነከረች። ኮል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ወደ ቀዩ ቧንቧ ተንጠራራ።

"ተው! አንተ አትነካም ተብሏል።"

"የኔ... ቤት... ነው።"

"ቤቱ ያንተ ነው፤ ቧንቧው የኔ ነው። ግራህን አምጣ። ደህና ነው?"

"ደህና።"

ቀኙን በሁለት እጇ ይዛ አስገባችውና ማሸት ጀመረች። እያሸችም የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የሳህኗን፣ የክሌምን ቦት ጫማ፣ በዝግ መዝጊያ የወረደውን ውሃ፣ የቆርቆሮውን ቤት። "ሁለቱንም ዘግቼልሃለሁ" አለችው። የኮል አፍ በአንድ ወገን ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን ሞላ። 

መጀመሪያ አውራ ጣቱ ተላቀቀ። ቀጥሎ ጠቋሚው፤ ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ፣ ከእንቅልፍ እንደሚነቁ ሰዎች እየተንጠራሩ ተፈቱ፤ መዳፉም በውሃው ውስጥ ተዘርግቶ በመዳፏ ላይ አረፈ።